ምዕራፍ ስድስት፦ ዘገምተኛው አዳኝ

ባለፈው ምዕራፍ የወላይታ ዳጣ ምላስ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን አይተናል። ምላሱ አልተቃጠለም፤ አልተላጠም፤ ቴርሞሜትር ቢደረግበትም ሙቀቱ ያው ነው። በበርበሬው ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፍ ላይ የምትገኝ አንዲት ጠባብ በር ከፈተ። በሯ ደግሞ በተፈጥሮዋ የምትከፈተው እሳት ሲጠጋት ስለሆነ አንጎል ሳያጣራ «ተቃጠልኩ» ብሎ ጮኸ። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ይህችን በር በማግኘቱ ነው (በዚህ መጽሐፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አንባቢ አይዘነጋም)። ውሃ ቢጠጡበት ለምን እንደማይበርድ፣ ወተት ግን ለምን እንደሚያስታግስ እዚያው ስለተናገርን አንደግመውም።

ከዚያ ምዕራፍ ይዘን የምንመጣው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሞለኪውል አንድ በር ከነካ አንድ ስሜት ይፈጠራል። አሁን የምናገኘው እንስሳ እንዲህ ያሉ በር የሚከፍቱና በር የሚዘጉ ሞለኪውሎችን ከመቶ በላይ አምርቶ በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ይዞ ይኖራል። እንስሳው ቀንድ አውጣ ነው። ቅርፊቱን ተሸክሞ በሆዱ ይሳባል፤ ግን ዓሣ አድኖ ይበላል። ሰው ገድሏል። ከመርዙ ደግሞ ሞርፊን ያቃተውን ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ተገኝቶበታል። ሦስቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው።

ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ዛጎሉ ግን ቤት ውስጥ አለ

ከቢጠናም ሆነ ከሶዶ ተነስተን ወደሚቀርበን ባሕር ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በወላይታ ቀንድ አውጣ ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው ክረምት ላይ እንሰት ቅጠል ሥር ተለጥፎ የሚገኘው፣ ሲነኩት ቀንዱን ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚገባው የጓሮ ፍጥረት ነው። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ትንንሾቹን የውሃ ቀንድ አውጣዎችም ያውቃል። እነርሱን በምዕራፍ ሦስት አግኝተናቸዋል፦ የቢልሃርዝያ ትል የሚያድግባቸው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ሞተው ያገኟቸው ናቸው።

የባሕሩ ዘመዳቸውም ቢሆን ለደጋው ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አንቀልባ ላይ ተሰፍቶ የምናየው ነጩ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ ከነጋዴ ነጋዴ እየተቀባበሉት ወደ መሃል አገር ሲገባ የኖረ። ጨዋችንም የባሕር ነገር ነው። አሞሌው የሚቆረጥበት የደናክል ዝቅተኛ ምድር የቀይ ባሕር ክንድ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የኮራል ድንጋይ ዛሬም በጠርዙ ላይ ደርቆ ቆሟል።

የአንቀልባው ዛጎል ባለቤት ሰው የማይጎዳ ፍጥረት ነው። የእኛ ባለታሪክ ከእርሱ ጋር የሚዛመደው ከሩቅ ነው፤ ኮነስ ይባላል። ኮነስ የአንድ ትልቅ ወገን ስም ሲሆን በሥሩ ከ700 በላይ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ቅርፊታቸው ሾጣጣ ነው፤ ሁሉም መርዛሞች፣ ሁሉም አዳኞች ናቸው። አብዛኞቹ የባሕር ትል ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ ሌላ ቀንድ አውጣ ያድናሉ፤ ዓሣ የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ደፋሮች ዋነኛው ኮነስ ጂኦግራፈስ ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ሲሆን ቅርፊቱ ላይ ያለው ቡናማና ክሬም ዝንጉርጉር ካርታ ስለሚመስል ነው። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ስስና ቀላል ነው፤ ያምራል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከማማሩ ነው፤ ሰው ሲያየው እጁን ይሰዳል። ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

አደኑ

ዓሣ አዳኞቹ ኮነሶች ቀኑን አሸዋ ውስጥ ወይም ድንጋይ ሥር ተሸሽገው ይውላሉ። ሲመሽ ይወጣሉ። ከቅርፊቱ ጫፍ ወደ ፊት የሚወጣ ቱቦ ውሃውን እየሳበ ያሸታል፤ ዓይኑ ብዙም አይረዳውም። የተኛ ዓሣ ሽታ ከመጣ ወደዚያ መሳብ ይጀምራል፤ በቀንድ አውጣ ፍጥነት። በቂ ሲጠጋ ከአፉ ቀጭን፣ ተለጣጭ ኩምቢ ይወጣና ዓሣው ገላ ላይ እስኪያርፍ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። በኩምቢው ጫፍ ጥርስ አለ።

እዚህ ጥርስ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በእንስሳት ዓለም እንዲህ ያለ ጥርስ ብዙ አይገኝም። የጓሮው ቀንድ አውጣ ምላሱ ላይ የተደረደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ቅጠሉን በእነርሱ እየፋቀ ይበላል። በኮነስ ዘንድ ያው የጥንት ጥርስ ሌላ ነገር ሆኗል። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ወጥቶታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ከገባ የማያስወጡ ወደ ኋላ የዞሩ መንጠቆዎች በቅለውበታል። የተሠራበት ነገር ካይቲን ነው፤ የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊት የሚሠራበት ጠንካራ ንጥረ ነገር። በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ ጥርሶች በተለያየ የዕድገት ደረጃ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ጥርስ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተወረወረ ወይም ከሳተ ሌላ ይተካል።

ከጥርሱ በስተኋላ የመርዙ ቧንቧ አለ፤ እጥፍጥፍ ብሎ የተጠመዘዘ፣ ቢዘረጋ ከእንስሳው ብዙ የሚረዝም። መጨረሻው ላይ በጡንቻ የተሠራ ፊኛ ተቀምጧል፤ ፊኛው ሲጨመቅ መርዙ በጥርሱ ቀዳዳ ይገፋል። ኮነስ ካተስ የተባለውን ዝርያ እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ የቀረጹ ተመራማሪዎች ጥርሱ የሚስፈነጠረው ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳይተዋል። በተፈጥሮ ከታወቁ ፈጣን እንቅስቃሴዎች አንዱ የሚገኘው፣ እንግዲህ፣ በቀንድ አውጣ አፍ ውስጥ ነው።

በዳሞታ ተራራ ጎን ባለችው ሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከ40,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ከኦብሲዲያን፣ ስለታም መሣሪያ ይጠርቡ እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል። የኮነስ ወገን ግን ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጦርን ከመርዝ ጋር ማዋሃድ የሰው ፈጠራ ይመስለን ነበር፤ በምዕራፍ ሁለት ፍላጻ ስለሚመረዝበት ዛፍ፣ ስለ ምረንዝ፣ ስናወራ እኔም እንደዚያ ዓይነት አነጋገር ሳልጠቀም አልቀረሁም።

ዋናው ጥያቄ እዚህ ይመጣል። እባብ ነድፎ መልቀቅ ይችላል፤ የተነደፈችው አይጥ ጥቂት ሮጣ ስትወድቅ ዱካዋን ተከትሎ ያገኛታል። ቀንድ አውጣ ግን የተነደፈ ዓሣ አምስት ሜትር ከዋኘበት ራቱ የሌላ ሆነ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት የሚገድል መርዝ፣ የፈለገውን ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ለእርሱ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው ዓሣውን ባለበት የሚያስቀር መርዝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መርዙ የት መምታት እንዳለበት ማወቅ አለበት።

ገመዱን የያዘው ማን ነው?

«ዋኝ!» የሚለው ትእዛዝ ከዓሣው አንጎል ወደ ጭራው ጡንቻ የሚሄድበትን መንገድ ለማየት በሌሊት ከቢጠና ወደ ሶዶ ጭኖ የሚሄድ አይሱዙን እናስብ። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱን የያዘ ሰው አለ። ወረቀቱ ታይቶ፣ ማኅተሙ ትክክል ሆኖ ገመዱ እስኪወርድ መኪናው አያልፍም፤ ካለፈ በኋላ ገመዱ ተመልሶ ይወጠራል። ገመዱ ወርዶ የቀረበት ኬላ ኬላነቱ ቀረ፤ ገመዱ ተወጥሮ የቀረበትም መንገዱን ዘጋ። ኬላ ጥቅም የሚሰጠው ሲከፈትም ሲዘጋም ነው።

ነርቭ ላይ ያሉት ኬላዎች ከፕሮቲን የተሠሩና መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ናቸው። በቀዳዳው የሚያልፉት ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የጨው ቅንጣቶች ናቸው፦ ከገበታ ጨው የምናውቀው ሶዲየም፣ በሙዝና በድንች ውስጥ የሚበዛው ፖታሲየም፣ የአጥንቱ ካልሲየም። እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱ ኬላ አለው፤ ሥራቸውም ይለያያል። የሶዲየሙ ኬላ ሲከፈት ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባና የሚቀጥለውን የሶዲየም ኬላ ይቀሰቅሰዋል፤ ያም የሚቀጥለውን፤ ትእዛዙ የሚጓዘው በዚህ ነው። የፖታሲየሙ ኬላ ተከትሎ ይከፈትና ያለፈውን ቦታ ያረጋጋል፤ እርሱ ባይኖር ነርቩ ያንኑ ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይደጋግመው ነበር። ነርቩ የሚያልቅበት ቦታ፣ መናኸሪያው በሉት፣ የካልሲየም ኬላ አለ። ካልሲየም ሲገባ በመናኸሪያው ተደርድረው የሚጠብቁ የኬሚካል እሽጎች ተቀድደው ወደ ጡንቻው ይፈስሳሉ። ጡንቻው ላይ ደግሞ ያንን ኬሚካል የሚቀበል የመጨረሻ ኬላ አለ፤ እርሱ ሲከፈት ጡንቻው ይኮማተራል።

ምሳሌው የሚያነክስበትን ቦታም መናገር ይገባል። በአስፋልቱ ላይ አንድ መኪና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በነርቭ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ነገር የለም። የሚጓዘው የገመዶቹ መውረድ ራሱ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ቀጣዩን ያስወርዳል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ይፈጸማል። የቀረው ምሳሌ ግን ይሠራል፤ በተለይ ማኅተሙ።

በ1996 ኮነስ ፑርፑራሰንስ በተባለ የፓስፊክ ዝርያ ላይ የተሠራ ጥናት ቀንድ አውጣው እነዚህን ኬላዎች እንዴት እንደሚያጠቃ በግልጽ አወጣ። መርዙ በሁለት ቡድን የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ጥርሱ በተሰካበት ቦታ ወዲያው ይሠራል። ከዚህ ቡድን አንዱ ሞለኪውል የሶዲየሙን ገመድ አውርዶ ተመልሶ እንዳይወጠር ይይዘዋል፤ ሌላው የፖታሲየሙን ገመድ ወጥሮ ያስረዋል። እንግዲህ ማስነሻው ተከፍቶ ቀርቷል፣ ማረጋጊያው ተዘግቷል፤ በአካባቢው ያሉ ነርቮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ዓሣው ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ግትር ይላል፤ ክንፎቹ ይገተራሉ፤ አፉ ይከፈታል። ይህ የሚሆነው በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው እስከዚያ ድረስ ጥርሱን አልለቀቀም፤ ዓሣውን ወደ ራሱ እየጎተተ ነው።

ሁለተኛው ቡድን በደም ተሸክሞ ወደ ሩቅ ጡንቻዎች ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ሥራው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፦ የካልሲየሙን ኬላ፣ የጡንቻውን የመቀበያ ኬላ፣ የጡንቻውን የራሱን የሶዲየም ኬላ አንድ በአንድ ይዘጋል። ግትር ያለው ዓሣ አሁን ይልፈሰፈሳል። ሁለቱ ቡድኖች ቅደም ተከተላቸው ቢዛነፍ አደኑ ይከሽፋል፤ ቀስ በቀስ የሚያደነዝዝ መርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓሣው ሳይፈዝ ይሸሽ ነበር።

ሞለኪውሎቹ ፔፕታይድ ይባላሉ፤ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ናቸው። ፕሮቲን ሁሉ የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች ነው። ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን 574 ጡቦች ሲኖሩት የኮነስ ፔፕታይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ብቻ አለው። ይህችን አጭር ሰንሰለት የሰልፈር ድልድዮች ሁለትና ሦስት ቦታ ቀፍድደው ስለሚይዟት ቅርጿ አይዋዥቅም። ቅርጿ ስለማይዋዥቅ የምትገጥመው ለአንድ ኬላ ነው፤ ለጎረቤቱ አትገጥምም። ተመሳስሎ የተቀረጸ ማኅተም ማለት ይህ ነው። ከኮነስ ጂኦግራፈስ የተገኘ አንድ ፔፕታይድ የጡንቻን የሶዲየም ኬላ ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ የልብን የሶዲየም ኬላ ግን ሳይነካ ያልፈዋል። ሁለቱም ሶዲየም ያሳልፋሉ፤ ሁለቱም በአንድ ገላ ውስጥ ናቸው፤ ልዩነታቸው ጥቂት ጡቦች ነው።

ምረንዝን እናስታውስ። በፍላጻ ጫፍ የሚቀባው የዚያ ዛፍ መርዝ የሚያቆመው በሁሉም የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የሚገኘውን የሶዲየምና ፖታሲየም መግፊያ ነው፤ ልብም ነርቭም አይለይም። ስለዚህ ይገድላል፤ ግን ወደ መድኃኒትነት ሲቀርብ መጠኑ በጥቂቱ ቢያልፍ ራሱ መድኃኒቱ ገዳይ ይሆናል። የኮነስ መርዝ የሚለየው እያንዳንዱ ፔፕታይድ አንዱን ኬላ መርጦ ሌላውን ስለሚተው ነው። የዓሣው ኬላ ከእኛ ኬላ ጋር የሚመሳሰለው ደግሞ ዓሣና ሰው ከአንድ የጥንት ቅድመ አያት ስለወረሱት ነው። ለዓሣ የተቀረጸው ማኅተም ለእኛም ይሠራል።

ባዶው ላቦራቶሪ

ይህንን ሁሉ ያወቅነው በአብዛኛው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ በሚባል ፊሊፒናዊ ጥረት ነው። በ1941 ማኒላ የተወለደው ኦሊቬራ አሜሪካ ተምሮ፣ ስለ ዲኤንኤ ተመራምሮ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ሲመለስ ያገኘው ላቦራቶሪ የለመደውን ምርምር የሚያስቀጥል መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በአገሩ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ፈለገ። በልጅነቱ ቅርፊት ይሰበስብ ነበር፤ ኮነስ ጂኦግራፈስ ሰው እንደሚገድልም ይታወቃል። ከሥራ ባልደረባው ከሉርዴስ ክሩዝ ጋር መርዙን መለየት ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ስለ አፍሪካና እስያ ላቦራቶሪዎች ሲወራ የሚነሳው የሌላቸው ነገር ነው፤ ኦሊቬራ ግን የሌለው ነገር ወደ ባሕር ዳር ላከው። ሀብታም ላቦራቶሪ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቀንድ አውጣውን ላያየው ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ያገኙት የሚጠበቀውን ነበር፦ ጡንቻ የሚያሽመደምዱ ፔፕታይዶች። ነገሩን ያዞረው ኦሊቬራ ወደ አሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ከተሻገረ በኋላ ክሬግ ክላርክ የተባለ ወጣት ተማሪ ያቀረበው ሐሳብ ነው። እስከዚያ መርዙ የሚሞከረው የአይጥ ሆድ ውስጥ በመውጋት ነበር። ክላርክ መርዙን ወደ ክፍልፋዮቹ ለያይተን እያንዳንዱን በቀጥታ ወደ አይጥ አንጎል ብናስገባውስ? አለ። አስተማሪው ብዙም ተስፋ አልጣለበትም፤ ግን አልከለከለውም።

ውጤቱ ያልታሰበ ሆነ። አንዱ ክፍልፋይ የገባባት አይጥ ታንቀላፋለች፤ ሌላው የገባባት ትንቀጠቀጣለች፤ አንዷ ክብ እየዞረች ትሮጣለች፤ አንዷ ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች። እንቅልፍ አምጪው ፔፕታይድ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውን ግልገል አይጦች ሲያስተኛ ያደጉትን ግን ያቅበጠብጣል፤ የኬላው ዓይነት ከዕድሜ ጋር ይለወጣልና። አንድ መርዝ ሲሉት የነበረው ነገር እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ያለው የብዙ ፔፕታይዶች ስብስብ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከ100 እስከ 200 የሚደርሱና ከዚያም የሚበልጡ እንዳሉ ይታወቃል፤ የአንዱ ዝርያ ስብስብም ከሌላው ጋር እምብዛም አይገጣጠምም።

ሞርፊን የማይዘልቅበት ሕመም

ከአንቀጥቃጮቹ አንዱን ለይቶ ያወጣው ሁለተኛ ደረጃን ገና የጨረሰ ልጅ ነበር፤ ማይክል ማኪንቶሽ ይባላል፤ በኋላ የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ሆኗል። ፔፕታይዱ የተገኘው ኮነስ ማገስ ከሚባል ትንሽ ዓሣ አዳኝ ነው። 25 አሚኖ አሲዶች፣ ሦስት የሰልፈር ድልድዮች አሉት። የሚዘጋው የካልሲየምን ኬላ ነው፤ ግን የትኛውን?

እዚህ ላይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን ቢያይ ይጠቅማል። አምሎዲፒን የካልሲየም ኬላ ይዘጋል፤ የሚዘጋው ግን በደም ሥር ጡንቻ ላይ ያለውን ዓይነት ነው። ሥሩ ዘና ይላል፤ ግፊቱ ይወርዳል። የኮነስ ማገስ ፔፕታይድ ያንን ሳይነካ በነርቭ መናኸሪያ ያለውን ዓይነት ብቻ ይዘጋል። ይህ ዓይነት ኬላ የሕመም ወሬ ከእግር፣ ከሆድ፣ ከአጥንት ተነስቶ ወደ ጀርባ አጥንት ቦይ ሲደርስ ለቀጣዩ ነርቭ በሚተላለፍበት ቦታ በብዛት ይገኛል። እዚያ ገመዱ ካልወረደ ቁስሉ ቢኖርም ወሬው አንጎል አይደርስም።

ሞርፊንም በስተመጨረሻ ይህንኑ ኬላ ይነካል፤ ግን በሌላ እጅ ነው። ራሱ የራሱን መቀበያ ይነካል፣ መቀበያው ለሌላ ፕሮቲን ያቀብላል፣ ያ ፕሮቲን ኬላውን ያዳክማል። በመሃል ያሉት እጆች ሲደጋገምባቸው ይሰለቻሉ። ለዚህ ነው የካንሰር ታማሚ ላይ የሞርፊኑ መጠን ከወር ወር እየጨመረ የሚሄደው። የቀንድ አውጣው ፔፕታይድ ደላላ የለውም፤ ቀጥታ ገመዱን ይይዛል። ስለዚህ ሰውነት አይለምደውም፤ ሱስም አያስይዝም።

መድኃኒቱ ዚኮኖታይድ ተባለ፤ የንግድ ስሙ ፕሪያልት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2004 ፈቀደው። የሚሠራው በፋብሪካ ነው፤ ቀንድ አውጣ አይታለብም፤ ጡቦቹ ግን አንድ ሳይቀየር የቀንድ አውጣው ናቸው። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። በክኒን ቢሰጥ ሆድ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል፤ በደም ቢሰጥ ወደ ጀርባ አጥንት ቦይ አይዘልቅም፤ የደም ግፊትንም ይጥላል። ስለዚህ በቀዶ ጥገና ለምትወልድ እናት ማደንዘዣ የሚወጋበት ያው የወገብ ፈሳሽ ውስጥ፣ በቆዳ ሥር ከሚቀበር ትንሽ ፓምፕ እየተንጠባጠበ ይሰጣል። መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ ነው። ያዞራል፤ ሐሳብ ያምታታል፤ የሌለ ነገር የሚያሳያቸውም አሉ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሌላው መንገድ ለተዘጋበት ታማሚ የሚቀርብ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ቀርቷል።

ስኳር የሚያወርድ አፍ

ኮነስ ጂኦግራፈስ የሚያድነው በሌላ ዘዴ ነው። ጥርሱን ከመወርወሩ በፊት አፉን እንደ መረብ ይከፍትና ያሰፋዋል፤ ድንጋይ ሥር የተኙ ትንንሽ ዓሦች ሳይደነብሩ ሲዋጡ ይታያሉ። ለምን እንደማይሸሹ ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። በ2015 ሄለና ሳፋቪ ሄማሚና ባልደረቦቿ በዩታ የመርዙን ቧንቧ ሲመረምሩ ኢንሱሊን አገኙ። ቀንድ አውጣውም እንደ ሁሉም እንስሳ ለራሱ ሰውነት የሚጠቀምበት ኢንሱሊን አለው፤ በመርዙ ውስጥ የተገኘው ግን የቀንድ አውጣን ሳይሆን የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል ነበር። ውሃ ውስጥ ሲለቀቅ በዓሦቹ ስንጥብ በኩል ገብቶ የደማቸውን ስኳር ያወርደዋል፤ ዓሦቹ ይፈዝዛሉ።

የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ያለ ሰው የዚህን ትርጉም ቶሎ ይረዳል፤ ስኳር ሲወርድ ሰው እንዴት እንደሚሆን አይቷልና። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ የሚያጓጓ ነገር አለ። በምዕራፍ አራት እንዳየነው ቆሽታችን ኢንሱሊንን የሚያስቀምጠው ስድስት ስድስቱን አያይዞ ነው። በመርፌ የሚሰጠውም መደበኛ ኢንሱሊን እንደዚያው የተያያዘ ነው፤ ከቆዳ ሥር ተለያይቶ ነጠላ እስኪሆን ጊዜ ይወስዳል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ውሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። የሚያያይዘው የሰንሰለቱ ጅራት ነው። ጅራቱ ይቆረጥ እንዳይባል ኢንሱሊን ሕዋስን የሚነካው በዚያው ጅራት ነው፤ ሲቆረጥ ሥራው ይጠፋል።

የቀንድ አውጣው ኢንሱሊን ጅራት የለውም። 43 ጡቦች ብቻ አሉት፤ የእኛ 51 ነው። አይያያዝም፤ ግን የሰውንም ኢንሱሊን መቀበያ ይቀሰቅሳል፤ የጎደለውን ጅራት ሌሎች ጡቦች ይተኩለታል። ዓሣው ከማምለጡ በፊት መድረስ ስላለበት ለመያያዝ ጊዜ የለውም። በ2020 ተመራማሪዎች ከዚህ ተምረው ጅራቱ የተቆረጠ፣ ጥቂት ጡቦቹ የተለወጡ፣ ግን በእንስሳት ላይ እንደ ሙሉው የሚሠራ የሰው ኢንሱሊን ሠርተዋል። ፋርማሲ ገና አልደረሰም። በ2024 ደግሞ በዚሁ ቀንድ አውጣ መርዝ ውስጥ የወረደው ስኳር ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያደርግ፣ ከሰውነታችን ሶማቶስታቲን ጋር የሚመሳሰል ሌላ ፔፕታይድ ተገልጿል። አንዱ ያወርዳል፤ ሌላው እንዳይወጣ ይይዛል።

ሰው ሲነደፍ

ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ሩምፊየስ ከሞተ በኋላ በ1705 በታተመ መጽሐፉ በባንዳ ደሴቶች ኮነስ በእጇ የያዘች አንዲት ሴት መሞቷን ጽፏል። በ1935 በአውስትራሊያ ሄይማን ደሴት አንድ ወጣት ቅርፊቱን በቢላ ሊፍቅ ሲይዘው መዳፉን ወጋው፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተ። በጽሑፍ የተመዘገቡት ሞቶች ወደ 30 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የኮነስ ጂኦግራፈስ ናቸው። ብዙዎቹ ሲነደፉ ያን ያህል አልታመሙም፤ መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ዓይን ብዥ ይላል፣ ቀጥሎ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል፣ በመጨረሻ የትንፋሽ ጡንቻ ይቆማል።

ለዓሣ የተዘጋጀ መርዝ ሰውን እንዴት እንዲህ ይጥላል የሚለውን በ2014 የወጣ ጥናት ያብራራል። ቀንድ አውጣው ሲያድን የሚለቀውና ሲነካ ራሱን ለመከላከል የሚለቀው መርዝ አንድ አይደሉም፤ የሚመረቱትም በቧንቧው የተለያየ ክፍል ነው። ጡንቻ የሚያሽመደምዱት ፔፕታይዶች በብዛት ያሉት በመከላከያው ነው። በእጁ ያነሳው ሰው የሚቀምሰው ይኸኛውን ነው።

ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት የሚደረገው ነገር ግን ቀላል ነው፤ ቶሎ ከተደረሰ። ፔፕታይዶቹ ኬላዎቹን ይዘጋሉ እንጂ አያፈርሱም፤ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ሁለት ቀን ይለቃሉ። እስከዚያ ታማሚው አይናገርም፣ ዓይኑን አይገልጥም፣ ልቡ ግን ይመታል፤ የልብ ኬላዎች አልተነኩምና። የሚያስፈልገው ሰው ወይም ማሽን ስለ እርሱ እንዲተነፍስለት ነው።